የአያ ጥላዬ የቁም ሙሾ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። «አክስቴ፣ ግጥም ትወጂ የለ? ዛሬ አሪፍ ዝግጅት አለ» ብላ ነው። መግቢያው ሁለት መቶ ብር፣ ወንበሩ ነጭ ለብሶ ሚዜ መስሏል፣ መብራቱ ደብዘዝ ተደርጎ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ፊት እንኳ አላሳይ አለኝ። አንድ ቀጭን ልጅ ስልኩን እያየ ግጥም ያነባል፣ ከኋላው ሌላው ጊታር ይነካካል። ልጁ አይታማም፤ ቃል ያውቃል፣ አንድ ሁለት ስንኙ ልቤን ጫር አድርጎኛል። ደስ ሲለኝ እንደ ልማዴ «ይበል! ድገመው!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አክስቴ፣ እዚህ በጭብጨባ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም በጣቴ ጫፍ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ የቀረው ሰውነቴ ብቻ ነው፤ ልቤ መንዝ፣ ዘመሮ ገብቶ ነበር።

ዘመሮ የሄድኩበትን ዓመተ ምሕረት ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፣ በቃ። የሻዩን ዋጋ ብትጠይቁኝ ግን ስሙኒ ነበር፣ ከፓስቲ ጋር ሃምሳ ሳንቲም። አስተማሪ ሆኜ ዘመሮ የተመደብኩት ካደግኩበት ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ነው። እዚያ ሙቀት ለምዶ ያደገ ሰው መንዝ ሲወጣ መጀመሪያ የሚማረው ልብስ መደራረብ ነው። እኔ በስስ ጉርድ ቀሚስና በሸራ ጫማ ከአውቶቡስ ወረድኩ፤ ለመልሱ ጉዞ ጣሪያ ላይ የሚጫኑት በጎች ከእኔ የተሻለ ለብሰው ነበር። በመጀመሪያው ደመወዜ ባና ገዛሁ፤ በበግ ጠጉር የሚሠራ፣ ከብርድም ከንፋስም የሚያስጥል፣ ዝናብ ሲነካው ግን በጉ ራሱ ተመልሶ የመጣ የሚመስል ልብስ ነው። ጎረምሶቹ የራሳቸው ፋሽን ነበራቸው፤ ከታች ጂንስ ሱሪ፣ ከላይ ባና፣ እግር ላይ ኮንጎ ጫማ። ገበያው መግቢያ ጥግ ላይ ካሴት እየቀዳ የሚሸጥ ልጅ ነበር። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ጠዋት ጎረምሳ የነበረው ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ሆኖ ያዜማል። ልጁ ታዲያ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጣውና እንደገና ጎረምሳ ያደርገዋል። ዛሬ በየኪሱ ሺህ ዘፈን የያዘ ሰው ያንን ደስታ በምን ያውቀዋል?

የግጥሙን ጉባኤ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጉራ አልወድም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የአገሩ ሰው እንደ ብርዱ ዝምተኛ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን ሁሉም በየቤቱ ግጥም እንዳለው ደረስኩበት። አንዱ በጎቹን ሲነዳ ይገጥማል፣ አንዷ ጠጉር ስትፈትል ታንጎራጉራለች፣ ሌላው ሁለት ጠርሙስ አረቄ ካልቀመሰ አይወጣለትም። «ይህን ሁሉ አንድ ጣራ ሥር ባደርገውስ?» አልኩና ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሄድኩ። ያኔ አዳራሹ ከስብሰባ በቀር ለሌላ ነገር ተከፍቶ አያውቅም። «ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። «ስለ ፍቅር» አልኩት። «ስለ ፍቅር ብቻ?» «አንዳንዴ ስለ ገብስም ይሆናል።» ትንሽ አሰበና ቁልፉን ሰጠኝ። በየገበያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሸምቶና ሸጦ ሲጨርስ እንገናኛለን። መግቢያው ስሙኒ ነው፤ ስሙኒ የሌለው አንድ ፍልጥ ይዞ ይገባል፣ ፍልጡም እዚያው ይነድዳል። ወለሉ ላይ የጓሳ ሣር እንጎዘጉዛለን፣ አግዳሚው የባሕር ዛፍ ነው፣ ቆርቆሮው ንፋስ በመጣ ቁጥር የራሱን ፉከራ ይፎክራል።

ደግሞ ምን ያልቀረበ ነገር አለ! ተማሪዎቼ ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተው ስለ ትምህርት ጥቅም ይገጥማሉ፤ ሰዉ በትዕግሥት ያዳምጣቸዋል፣ እናቶቻቸው ብቻ ያለቅሳሉ። የደብሩ መሪጌታ ቅኔ ይዘርፉና ራሳቸው መልሰው ይፈቱልናል፤ ፍቺው ከቅኔው ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ማንም ግን አያቋርጣቸውም። አንድ የገጠር ሰው ሲፎክሩ ዘለው አግዳሚ ሰብረዋል፤ በሚቀጥለው ገበያ አዲስ ግንድ በአህያ ጭነው መጡና «የባለፈው ይኸውላችሁ፣ አሁን ልቀጥል» አሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ነበር የሚሰሙት። እኔ ነኝ ጎትቼ ያስገባኋቸው፤ ከገቡ በኋላ ወንዶቹ ተራ አጡ። እዚያ ቤት ጥሩ ስንኝ የተናገረ ሰው ሁለቴ ሳይደግም አይቀመጥም፣ መጥፎ የተናገረም ፊት ለፊት ይነገረዋል። «ልጄ፣ ይሄን ለበጎችህ ንገራቸው» ያሉት አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። የተነገረውም ልጅ አልተቀየመም፤ በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለ ይዞ መጣ።

ከታዳሚዎቹ ሁሉ ግን የማይቀሩት አያ ጥላዬ ነበሩ። አያ ጥላዬ የከተማው እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ይነሣሉ፣ ባናቸውን ደርበው፣ ጡሩምባቸውን ይዘው፣ ከጉብታ ጉብታ እየዞሩ ይነፋሉ፣ ከዚያ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋሉ። ድምፃቸው የጉድ ነው፤ ሸለቆ ተሻግሮ ማዶ ያለ ሰው ከእንቅልፉ ያስነሣል። ያለ ሥራቸውም ዝም ማለት አይችሉም። አዳራሽ ውስጥ አንዱ ሲገጥም ቀድመው ቤት ይመቱለታል፣ መሪጌታው ቅኔ ሲፈቱ «እሱስ ገብቶናል!» ይላሉ። «አያ ጥላዬ፣ እባክዎ» እላለሁ፤ «እሺ መምህርት፣ ዝም ብያለሁ» ይላሉ፣ ዝምታው ግን አንድ ስንኝ አይቆይም። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው እኔ ዘመሮ ከመሄዴ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ሞተዋል።

የሥራ ባልደረባቸው እትዬ ስንዱ ናቸው ማለት ይቻላል። እትዬ ስንዱ አልቃሽ ናቸው፤ ከዘመሮ እስከ ጊሼ ራቤል ለቅሶ ሲኖር በቅሎ ተልኮላቸው የሚሄዱ ሙሾ አውራጅ። አያ ጥላዬ ሰውን ይጠራሉ፣ እትዬ ስንዱ የተጠራውን ያስለቅሳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ሬሳ ግራና ቀኝ ቆመው ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፤ እሳቸው «የአንቺ ሙሾ ለባለ መሬት ይረዝማል» ይላሉ፣ እሷም «አንተ ደግሞ ሞቱን ከሟቹ በላይ ታጋንነዋለህ» ትላለች። እሷ አልኩ፤ ይቅር ይበሉኝና የሁለቱን ንትርክ ሳስታውስ አንቱታው ይጠፋኛል። እትዬ ስንዱ ጉባኤያችን ላይ ይመጣሉ፣ ከኋላ ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዳምጣሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ግን ለመግጠም ተነሥተው አያውቁም። ስለምናቸው «ልጄ፣ ያለ ሬሳ ሙሾ ሟርት ነው» ብለው ያሰናብቱኛል።

እንግዲህ ያ የገበያ ቀን መጣ። በዚያ ሳምንት ለአጨዳ ከሩቅ የመጣ አንድ ወገን የሌለው ሰው ሞቶ ነበር። አያ ጥላዬ እንደ ማንኛውም ሰው ሞት ጉብታውን ሁሉ ዞረው ለፍፈዋል፤ ቀብሩ ላይ ግን ከተሸካሚዎቹ፣ ከቄሱና ከራሳቸው በቀር የተገኘ አልነበረም። አዝመራ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያ ቀን ያየሁት አያ ጥላዬ ቤት ሳይመቱ፣ ማንንም ሳያቋርጡ ግድግዳ ተደግፈው መቀመጣቸውን ብቻ ነው። ታመው ይሆን ብዬ ስጠጋ እጃቸውን አወጡ። «መምህርት፣ እኔም ዛሬ የምናገረው አለኝ» አሉ። መድረክ ላይ ወጡ።

«እኔ የሰው ሞት ነጋሪ ነኝ» አሉ። «ስንቱን እንደጠራሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጅ የለኝም፣ ሚስቴም ቀድማኛለች። ያንን ምስኪን ሰው ቀብሬ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ የሞትኩ ለታ ማን ይመጣል? ስንዱስ ብትሆን ምን ትለኛለች? ሁለት ስንኝ ብላ ነው የምትሄድ። ሳልሰማው መሞት አልፈልግም። ዛሬ፣ እዚሁ፣ በቁሜ ታልቅስልኝ።»

አዳራሹ ተናወጠ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። እትዬ ስንዱ እንዝርታቸውን ጣሉት። «ኧረ በስመ አብ! ለቁም ሰው? አፌን ይቁረጠው! አንተ ሰውዬ፣ ሞትን በስሙ ትጠራዋለህ?»

«ስጠራው አይደል የኖርኩት?» አሉ አያ ጥላዬ።

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታው ዞረ። መሪጌታው ጢማቸውን እያሻሹ «ልጅ የሌለው ሰው የቁም ተዝካር ያወጣ የለም ወይ?» አሉ። «በሕይወቱ ሳለ ደግሶ፣ ካህን ጠርቶ፣ ተዝካሩን በዓይኑ አይቶ ይሞታል። ተዝካሩን በቁሙ የሚያወጣ ሰው ሙሾውን በቁሙ ቢሰማ ምኑ ነውር ነው?» ይህ ፍርድ በመጽሐፍ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኔ ግን ሰብሳቢ ነኝና ወዲያው «ተወስኗል!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። እትዬ ስንዱ «መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ የአንቺ ነው» ብለው ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታጠቁና አያ ጥላዬን በጣታቸው እየጠቆሙ እንዲህ አሉ፦ «ሬሳ አይናገርም። ትንፍሽ ካልክ እተወዋለሁ፤ የእውነት ስትሞትም ደጅህን አልረግጥም።»

አያ ጥላዬ ባናቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። እኛም ልባችን ተንጠለጠለ፤ አንድ ስንኝ ሙሉ ዝም ብለው የማያውቁ ሰው ሙሉ ሙሾ እንዴት ሊያሳልፉ ነው? እትዬ ስንዱም ይህን አውቀው ነው መሰለኝ በነገር ጀመሩ፦

«ከዶሮ አስቀድሞ ሲጣራ የኖረው፣
ጥላዬ ዝም አለ፣ ምን ነካው ይሄ ሰው?

ለቅሶ ቤት ሲገባ ዓይኑ የሚደርቀው፣
ከንፍሮው ሳህን ላይ እጁ የሚፈጥነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ጥላዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ንፍሮውን ሊከራከሩ ነው። አጠገባቸው ያሉት ሁሉ «ዋ! ዋ!» አሏቸው። አፋቸውን በባናው ጫፍ አፍነው ዋጡት። እትዬ ስንዱ ያንን አዩ። ከዚያ ዜማውን ዝቅ አደረጉ፤ አሁን የእውነት ለቅሶ ዜማ ሆነ፦

«ለጌታም ለድሃም አንድ አድርጎ ነፊ፣
እንግዳ ሰው ሲሞት በዳገት ለፋፊ።

የሚስቱን ሞት ሳይቀር ራሱ የለፈፈው፣
ዳገቱ ላይ ቆሞ እንባውን የዋጠው።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሚስታቸው የሞቱ ለታ ሌላ የሚነፋ ስላልነበረ በእድሩ ደንብ ራሳቸው ወጥተው፣ የሚስታቸውን ስም በዚያ በማይሰበር ድምፃቸው ከጉብታ ጉብታ ጠርተዋል። ያኔ ሰዉ «ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው» ብሎ አምቷቸው ነበር አሉ። እትዬ ስንዱ ሁሉንም አይተው፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። አዳራሹ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ። አያ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነው፣ ድምፅ ግን አላወጡም። እትዬ ስንዱ ቀጠሉ፦

«ስንቱን ጠርቶ ቀብሮ፣ ስንቱን አስለቅሶ፣
ለሱስ ማን ይጠራል አገር አዳርሶ?»

ከዚህ በኋላ ማንም ራሱን የያዘ የለም። ከሴቶቹ አንዷ «ወየው ጥላዬ!» ብላ ደረቷን መታች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ተነሥተው «ወንድሜን! ወንድሜን!» አሉ። እኔ የመርሐቤቴዋ ሴት፣ ሰብሳቢዋ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ እንኳ በትክክል አላውቅም፤ አባቴም መጣብኝ፣ ብዙ ነገር መጣብኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር ዋይታ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው የለም። አዳራሹ ደግሞ የገበያው ጎረቤት ነው። «ማን ነው? ማን ሞተ?» «ጥላዬ ነው!» ተባለ ውጭ። በሩ ተበርግዶ ገበያው ገባብን። ቅቤ ነጋዴዋ እጇ በቅቤ እንደተለወሰ ደረቷን እየመታች መጣች። አንድ ሰው የሚገዛውን በግ በገመድ እንደያዘ ገባ፤ ሻጩም ከኋላው እያለቀሰ ተከተለው። ከቆላው የሚመጣው ጨርቅ ነጋዴ ሰይድ ያን ሁሉ ጣቃ መሬት ላይ እንደተዘረጋ ያለ ጠባቂ ትቶት «ኢና ሊላሂ! ጠዋት እኮ ሰላም ብሎኝ ነበር!» እያለ ሰዉን ሰንጥቆ ፊት ደረሰ። ግድግዳው ሥር አያ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ትንፍሽ አይሉም።

«ውይ፣ ተቀምጦ ነው የሞተው!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«የጻድቅ አሟሟት ነው» አለ ባለ በጉ።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየና «ቆይ፣ ሬሳ ያለቅሳል እንዴ?» አለ።

አያ ጥላዬ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ያዩት ሰይድን አይደለም፣ እትዬ ስንዱን ነው። ፈቃድ መጠየቃቸው ነበር። «ተናገር እንግዲህ፣ ጨርሻለሁ» አሏቸው እትዬ ስንዱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። አያ ጥላዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሸለቆ የሚሻገር ድምፅ እምቢ አለ። ሰዉን ብቻ ያያሉ፤ ቅቤውን፣ በጉን፣ በር ላይ ገና የሚጋፋውን ሕዝብ። ቅቤ ነጋዴዋ መጀመሪያ እልል አለች፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳትሞት ነው እንዴ ያስሮጥከኝ!» ብላ በዚያ በቅቤ እጇ ትከሻቸውን መታቻቸው። ባናቸው ላይ የአምስት ጣት ምልክት ቀረ።

ጣጣው ግን አላለቀም። ገበያው የሰማውን ዋይታ ቀጥሎ ያለው ጉብታ ተቀብሎት ነበር። ውጭ ስንወጣ ማዶ ያሉ አጫጆች ማጭዳቸውን ጥለው ሲወርዱ አየን፤ ያ አዝመራ፣ ያ ከአዝመራ የማይነቀል ሰው። ከዳገቱም ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በሰልፍ እየመጡ ነው። ቃሬዛ የያዙም ነበሩ። «አያ ጥላዬ፣ ይመልሷቸው እንጂ» አልኳቸው። አንድ ጎረምሳ ጡሩምባቸውን አምጥቶ ሰጣቸው። አልተቀበሉትም፤ «እሱ ለሞት ነው» አሉ። ጉብታው ላይ ብቻቸውን ወጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጥላዬ አልሞተም! ጥላዬ አለ!»

«አለ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። በሚስታቸው ያልተሰበረው፣ በማንም ሞት ያልተሰበረው ድምፅ በራሳቸው ስም ላይ ተሰበረ። አንዴ ደግመው ሊሉ ሞከሩ፣ አልወጣላቸውም። ግን በቂ ነበር። ማዶ ያሉት ቆሙ። ከዳገቱ እልልታው መጣ፣ ከወዲህ ገበያው ተቀበለው። አጫጆቹ አልተመለሱም፤ «ካለማ ሄደን ሰላም እንበለው» ብለው ወረዱ።

አያ ጥላዬ ከጉብታው ሲመለሱ እትዬ ስንዱ መንገዱ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨቃጨቁበት ነገር አጡ። አያ ጥላዬ ያንን የሚወርድ ሕዝብ ዞር ብለው አዩትና እንዲህ አሉ፦

«ስንዱ፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ደክሞሽ ብትቀሪም አልቀየምሽም። የእኔ ለቅሶ ደርሶኛል።»